በእንግሊዝ አገር ቤት ሲገዙ የሶሊሲተር አመራረጥ፦ የሰፈር ቢሮ፣ የኢንተርኔት ድርጅት ወይስ ኤጀንቱ የጠቆመው?

በእንግሊዝ አገር ለቤት ያቀረቡት ዋጋ ተቀባይነት ባገኘ ቀን ኤጀንቱ፣ ማለትም ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ፣ ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ሶሊሲተርዎ ማን ነው?» የሚል ነው፤ ሶሊሲተር የቤቱን ዝውውር ሕጋዊ ሥራ የሚሠራው የሕግ ባለሙያ ነው። አስቀድሞ ያላሰበበት ገዢ ብዙውን ጊዜ «የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ኤጀንቱም የሚያውቀው አያጣምና ጉዳዩ በዚያው የስልክ ጥሪ ያበቃል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድና ለ25 ወይም ለ30 ዓመት የሚከፈል ዕዳ የሚያልፍበትን እጅ መምረጥ ለማቀዝቀዣ መግዣ ከሚሰጠው ጊዜ ያነሰ ጊዜ ወሰደ ማለት ነው።

ይህ መመሪያ በገዢው ፊት ያሉትን ሦስት ዋና ዋና መንገዶች፣ ማለትም በአካባቢው የሚገኘውን ቢሮ፣ በኢንተርኔትና በስልክ ብቻ የሚሠራውን ትልቅ ድርጅት፣ እንዲሁም ኤጀንቱ ወይም ቤት ገንቢው ኩባንያ የሚጠቁመውን ቢሮ ያነጻጽራል። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ቢታወቅ መልካም ነው፤ ከዋጋውም ከርቀቱም በፊት መጠየቅ ያለበት ፋይሉን የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል ልምድ እንዳለውና ሲፈለግ የሚገኝ መሆኑ ነው። የሚከተለው ሁሉ እንግሊዝንና ዌልስን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግና አሠራር አላቸው።

ሶሊሲተሩ የሚሠራውና የማይሠራው

ባለሙያው ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን ከላንድ ሬጅስትሪ፣ ማለትም ከመሬት መዝገብ ቤቱ ሰነድ ያረጋግጣል፤ ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር)፣ ከውሃና ፍሳሽ ድርጅቱ እንዲሁም ስለ ጎርፍና ስለ መሬት ብክለት መረጃ ከሚይዙ ተቋማት «ሰርች» የሚባሉትን ምርመራዎች ያዛል፤ ለሻጩ ሶሊሲተር ጥያቄዎችን ይጽፋል፤ የባንኩን የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ቅድመ ሁኔታዎች ያሟላል፤ ውል ያለዋውጣል፤ ገንዘቡን ያስተላልፋል፤ ታክሱን ከፍሎ ቤቱን በገዢው ስም ያስመዘግባል። ኤክስቼንጅ የሚባለው የውል ልውውጥ እስኪፈጸም ድረስ ሻጩም ሆነ ገዢው ከነገሩ መውጣት ይችላሉ፤ ልውውጡ ሲፈጸም ግን እንደተለመደው የዋጋው 10 በመቶ በዲፖዚትነት ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን የቀየረ ገዢም ይህን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። የአንድ ሶሊሲተር ጥራት የሚታየው እንግዲህ ከልውውጡ በፊት ባሉት ሳምንታት በሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር ሶሊሲተሩ ቤቱን ሄዶ አለማየቱ ነው። ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ፣ ግድግዳው እርጥበት ይዞ እንደሆነ የሚመረምረው ሌላ ባለሙያ፣ ሰርቬየር ነው። ሶሊሲተሩ የሚያውቀው በወረቀት የደረሰውን ብቻ ስለሆነ፣ ጣሪያው ሥር መኝታ ቤት መሠራቱን ወይም በጓሮ በኩል ክፍል መጨመሩን ያየ ገዢ ለሶሊሲተሩ በጽሑፍ ሊነግረው ይገባል፤ የካውንስሉ ፈቃድና የሥራ ማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀት መኖሩ የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሶሊሲተሮች ብቻ አይደሉም። ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር የሚባሉት ባለሙያዎች በ1985 በወጣ ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተፈቀደላቸው የቤት ዝውውር ስፔሻሊስቶች ናቸው፤ ሶሊሲተሮችን የሚቆጣጠረው ሶሊሲተርስ ሬጉሌሽን ኦቶሪቲ ሲሆን፣ እነርሱን የሚቆጣጠረው ካውንስል ፎር ላይሰንስድ ኮንቬያንሰርስ ነው። ሁለቱም የሙያ መድን እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፤ ቅሬታ ሲኖር የሁለቱም ጉዳይ በሕግ አገልግሎት ላይ የሚነሳን ቅሬታ ወደሚመረምረው ሊጋል ኦምቡድስማን ይሄዳል። ለተራ ግዢ በሁለቱ መካከል የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም። ከቤቱ ጋር የፍቺ፣ የውርስ ወይም የድንበር ክርክር የተያያዘበት ሰው ግን ሌሎች የሕግ ዘርፎችንም የሚሠራ የሶሊሲተር ቢሮ ቢመርጥ ይሻለዋል።

የአካባቢው ቢሮ

ለዓመታት በአንድ አካባቢ የሠራ ባለሙያ የሰፈሩን ሰነዶች ደጋግሞ አይቷቸዋል። የትኛው ሕንፃ የሊዝ ውል ጉድለት እንዳለበት፣ የትኛው አስተዳዳሪ ድርጅት ለጥያቄ መልስ ለመስጠት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ የትኛው መንገድ በካውንስሉ ያልተረከበና ጥገናው በነዋሪው ጫንቃ ላይ ያለ መሆኑን ያውቃል። በደረም፣ በኖቲንግሃምሸርና በደቡብ ዌልስ የቆዩ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች፣ በኮርንዎል የቆርቆሮ ማዕድን፣ በቼሸር የጨው ማውጫ ሥራ መሬቱን ቦርቡረውታል፤ በእነዚህ አካባቢዎች የሚሠራ ሰው ተጨማሪውን ሰርች ማንም ሳያሳስበው ያዝዛል።

ለንደን ውስጥ ይህ እውቀት በይበልጥ የሚያስፈልገው ቀድሞ የካውንስል የነበረ ፍላት ለሚገዛ ሰው ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሕንፃ ገዢው የሚያገኘው ሊዝሆልድ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሊዝ የመያዝ መብት ሲሆን፣ የሕንፃው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ካውንስሉ ራሱ ሆኖ ይቀጥላል። ካውንስሉ ጣሪያ ሲቀይር፣ አሳንሰር ሲያድስ ወይም መስኮቶችን ሲለውጥ ወጪውን ለባለ ሊዞቹ ያካፍላል፤ የአንድ ሰው ድርሻ ከ250 ፓውንድ የሚበልጥ ከሆነ አስቀድሞ «ሴክሽን 20» የሚባለውን ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ድርሻው ግን በሺዎች፣ አንዳንዴም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያ ወጥቶ ከሆነ ሻጩ ሊገልጸው ይገባል፤ ገና በዕቅድ ላይ ያለ ሥራ ግን ካልተጠየቀ ሳይነሳ ያልፋል። ልምድ ያለው ሶሊሲተር ላለፉት ሦስት ዓመታት የተከፈለውን ሰርቪስ ቻርጅ (ለሕንፃው የጋራ አገልግሎትና ጥገና የሚከፈለውን)፣ በመጠባበቂያ ፈንዱ ያለውን ገንዘብና በሚቀጥሉት ዓመታት የታቀዱትን ሥራዎች ነጥሎ ይጠይቃል፤ ወጪው ከሻጩ ላይ እንዲቀነስ ወይም በዋስትና እንዲያዝም ይደራደራል። ሊዙ ስንት ዓመት እንደቀረው መጠየቅ ሳይዘነጋ ነው፤ ከ80 ዓመት በታች የቀረው ሊዝ ለማራዘም ውድ ሊሆን ይችላል፤ ባንኮችም ያጠረ ሊዝ ላለው ቤት ለማበደር ያመነታሉ።

ሌላው ጥቅም በአካል መገናኘቱ ነው። ፓስፖርት ለማሳየት፣ የሞርጌጁን ሰነድ በምስክር ፊት ለመፈረም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ረጅም ሪፖርት ቁጭ ብሎ ለመጠየቅ የሚኬድበት በር አለ። እንግሊዝኛን በስልክ ለመከታተል ለሚቸገሩ እናት ወይም አባት፣ ከልጃቸው ጋር ሆነው ፊት ለፊት የሚያደርጉት የግማሽ ሰዓት ውይይት ከሃያ ኢሜይል ይበልጣል።

ድክመቱም የታወቀ ነው። ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ባለበት ቢሮ ያ ሰው በነሐሴ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ከወጣ ፋይሉም አብሮት ዕረፍት ይወጣል። ትንሹ ቢሮ በሁሉም ባንኮች የተፈቀደላቸው ቢሮዎች ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ባንኩ የገዢውን ሶሊሲተር የማይቀበል ከሆነ የራሱን ይሾምና ወጪው ወደ ገዢው ይዞራል፤ ጊዜውም ይጓተታል። «በዚህ ባንክ ፓነል ላይ ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በከተማዎ ስም «የአካባቢ ሶሊሲተር» ተብሎ የሚወጣው ሁሉ የአካባቢ ቢሮ አይደለም፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ የደንበኛውን ስልክ ተቀብለው ሩቅ ላለ ድርጅት የሚያስተላልፉ ደላሎች ናቸው። ውሉን የሚፈርመው ቢሮ ስምና አድራሻ መታየት አለበት።

በኢንተርኔትና በስልክ የሚሠራው ድርጅት

እነዚህ ድርጅቶች ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ በስልክዎ መተግበሪያ ያሳያሉ፤ ማታም ቅዳሜም ሰነድ ይቀበላሉ። መሬቱ የተመዘገበ፣ ባለቤቱ አንድ የሆነ፣ ጭማሪ ግንባታ የሌለበት ፍሪሆልድ፣ ማለትም ከነመሬቱ ያለ ጊዜ ገደብ የሚያዝ ቤት ለሚገዛና ሰነዶቹን በእንግሊዝኛ ያለ ችግር አንብቦ ለሚመልስ ሰው በቂ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ። የላንድ ሬጅስትሪው መዝገብ ከየትም ቦታ ስለሚታይ ርቀቱ በራሱ እንቅፋት አይሆንም።

ችግሩ የሚጀምረው ጉዳዩ ከተለመደው መስመር ሲወጣ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ፋይሉ የአንድ ሰው ሳይሆን የቡድን ነው፤ ሰርች የሚያዘው አንዱ፣ የሞርጌጁን ሰነድ የሚያየው ሌላ፣ ስልክ የሚያነሳው ሦስተኛ ሰው ነው፤ ከእነርሱም ሁሉም ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች አይደሉም፤ በአንድ ሶሊሲተር ተቆጣጣሪነት የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ገዢው በደወለ ቁጥር ታሪኩን እንደ አዲስ ይተርካል። ሥራው በአንድ ሥርዓት ላይ መከማቸቱም አደጋ አለው፤ በ2021 መጨረሻ ከትላልቆቹ የቤት ዝውውር ቡድኖች አንዱ በሳይበር ጥቃት ምክንያት ሥርዓቱ ሲዘጋ፣ ዕቃቸውን ጭነው ቁልፍ ሊረከቡ የተዘጋጁ ብዙ ሰዎች ቀናቸው ተስተጓጉሎባቸዋል።

ኤጀንቱ ወይም ገንቢው የጠቆመው

ኤጀንቱ ለአንድ ቢሮ ደንበኛ ሲልክ አብዛኛውን ጊዜ ኮሚሽን ይቀበላል፤ ክፍያው መኖሩን ኤጀንቱም ሶሊሲተሩም ለገዢው የመንገር ግዴታ አለባቸው። ኮሚሽን መኖሩ ብቻውን ቢሮውን መጥፎ አያደርገውም፤ ኤጀንቱና ቢሮው በየቀኑ ስለሚነጋገሩ አንዳንዴ ነገሩ ይፈጥናል። ነገር ግን የቢሮው የነገ ሥራ የሚመጣው ከኤጀንቱ እንጂ ከገዢው አይደለም፤ የኤጀንቱ ፍላጎት ደግሞ ሽያጩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ሶሊሲተሩ «ይህን ቤት አይግዙ» ማለት ያለበት ቀን ሲመጣ ይህ ግንኙነት ምን ያህል እንደሚከብደው ገዢው ያስብበት። ኤጀንቱ የጠቆመውን ቢሮ ካልወሰዱ ዋጋዎን ለሻጩ አላቀርብም ቢል ሕግን ይጥሳል፤ ገዢው በትሕትና «የራሴ አለኝ» ማለት ይችላል።

በአዲስ ግንባታ ላይ ጉዳዩ ይጠነክራል። ገንቢዎች ብዙ ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ ውል እንዲለዋወጥ ይጠይቃሉ፤ የእነርሱን ቢሮ ለወሰደ ገዢም የሶሊሲተር ወጪ እንሸፍናለን ይላሉ። በየ10 ዓመቱ እጥፍ የሚሆን ግራውንድ ሬንት (ባለ ሊዙ ለመሬቱ ባለቤት የሚከፍለው ኪራይ) የተጻፈባቸውን አዳዲስ ቤቶች የገዙ ብዙ ሰዎች፣ ገንቢው የጠቆመን ሶሊሲተር ይህን አላስጠነቀቀንም ሲሉ በፓርላማ ሳይቀር የተነሳ አቤቱታ አሰምተዋል። ከሰኔ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በአብዛኛው አዲስ ረጅም ሊዝ ላይ ግራውንድ ሬንት ማስከፈል ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊት የተፈረመውን ሊዝ ከሻጭ የሚረከብ ሰው ግን ቁጥሩን ማየት አለበት። በጸሐፊው እምነት ከሦስቱ መንገዶች ለአዲስ ቤት ገዢ ጨርሶ የማይመከረው ይኸኛው ነው።

ዋጋን ከዋጋ ጋር ማመዛዘን

ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ በሶሊሲተርስ ሬጉሌሽን ኦቶሪቲ ሥር ያሉ ቢሮዎች የቤት ዝውውር ዋጋቸውን በድረ ገጻቸው ላይ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ይሁንና በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የሙሉውን ወጪ አያሳይም። ሒሳቡ ሁለት ክፍል አለው፦ አንዱ የቢሮው የራሱ ክፍያና በላዩ ላይ የሚታሰበው 20 በመቶ ቫት፣ ሁለተኛው ቢሮው ለሌሎች የሚከፍለው የሰርች፣ የምዝገባና የታክስ ወጪ ነው። ሁለተኛው በየትም ቢሄዱ ተቀራራቢ ስለሆነ መነጻጸር ያለበት የመጀመሪያው ነው፤ ልዩነቱ የሚደበቀውም እዚያው ነው። ለሊዝሆልድ ተጨማሪ፣ ለሞርጌጅ ተጨማሪ፣ ከቤተሰብ ለተሰጠ ገንዘብ ተጨማሪ፣ ለእያንዳንዱ ገዢ የማንነት ምርመራ፣ የታክስ ቅጽ ለመሙላት፣ ገንዘብ በባንክ ለመላክ እየተባለ ይደመራል። ለምሳሌ ያህል 750 ፓውንድ ያለው ቢሮ ይህን ሁሉ ሲጨምር 1,500 ሊደርስና ሁሉን ጠቅልሎ 1,300 ካለው ሊበልጥ ይችላል። መፍትሔው ለሦስቱም ቢሮዎች አንድ ዓይነት ዝርዝር፣ ማለትም ዋጋውን፣ ሊዝሆልድ ወይም ፍሪሆልድ መሆኑን፣ ባንኩን፣ የገዢዎቹን ቁጥርና የገንዘቡን ምንጭ ጽፎ ልኮ የተሟላ ሒሳብ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ግዢው ቢፈርስ ምን እንደሚከፈልም አብሮ ይጠየቅ።

አዲስ አበባ ያለው ቤትና የዕቁብ ገንዘብ

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማንኛውም የዋጋ ልዩነት የሚበልጡ ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ ቢሮውን በእነርሱ መፈተን ይቻላል።

የመጀመሪያው ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለው ታክስ ነው። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ በ425,000 ፓውንድ ቤት የሚገዛ የመጀመሪያ ጊዜ ገዢ እስከ 300,000 ድረስ ምንም ሳይከፍል በቀሪው ላይ 5 በመቶ፣ ማለትም 6,250 ፓውንድ ይከፍላል። ቀድሞ ቤት የነበረውና አሁን ግን የሌለው ሰው በተመሳሳዩ ቤት 11,250 ይከፍላል። የሌላ ቤት ባለቤት ሆኖ ይህን የሚጨምር ሰው ደግሞ 5 በመቶው ተጨማሪ ታክስ ታክሎበት 32,500 ይደርሳል። የመጀመሪያ ጊዜ ገዢ የሚባለው በዓለም ላይ በየትኛውም አገር የመኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው፤ ተጨማሪው ታክስም በውጭ አገር ያለን ቤት ይቆጥራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ በወላጆቹ ሞት ድርሻ የወረሰ ወይም በስሙ ቤት የተሠራለት ሰው፣ ባልና ሚስት ከሆኑም ከሁለቱ አንዳቸው፣ ይህን ለሶሊሲተሩ በግልጽ መናገር አለባቸው። «እዚያ ያለው እዚህ አይታይም» የሚለው የቡና ላይ ምክር አደገኛ ነው፤ ቅጹ ላይ የሚፈርመው ገዢው ራሱ ነውና። ብዙ ቢሮዎች የታክስ ምክር አንሰጥም ብለው በውላቸው ስለሚጽፉ፣ ይህን ጥያቄ የሚመልስላቸው ማን እንደሆነ ከመፈረም በፊት ይጠየቁ። ዌልስ ከ2018 ጀምሮ የራሷ የሆነ ሌላ ታክስ አላት።

ሁለተኛው የገንዘቡ ምንጭ ነው። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ ማስመሰልን በሚከላከሉ ደንቦች መሠረት ቢሮው እያንዳንዱ ፓውንድ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። ከደመወዝ የተቆጠበ ከሆነ የባንክ መግለጫ ይበቃል፤ ዕቁብ የወጣለት፣ ከወንድም ከአሜሪካ ከእህት ከዱባይ የተላከለት፣ ለሠርጉ የተሰበሰበለት ሰው ግን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ዕቁቡን በጥሬ ገንዘብ የጣለ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ይቸገራል። ዳኛው የሚፈርሙበት የአባላት፣ የየወሩ መዋጮና የደረሰበት ቀን መዝገብ፣ ከተቻለም በባንክ የተላለፈ ክፍያ ቢኖር ይረዳል። ከዘመድ የተሰጠ ገንዘብ ስጦታ መሆኑን፣ ሰጪው በቤቱ ላይ መብት እንደማይጠይቅ የሚገልጽ ደብዳቤና የሰጪው የባንክ መግለጫም ይፈለጋል። በኢንተርኔት ቅጽ ላይ «ዕቁብ» የሚል ምርጫ የለም፤ እዚህ ላይ ፊት ለፊት የሚያደምጥ ባለሙያ ይረዳል፤ አንዳንድ ትናንሽ ቢሮዎች ግን ከውጭ አገር የመጣ ገንዘብ ጨርሶ አይቀበሉም። ጥያቄው ፋይሉ ሳይከፈት ቢነሳ ከልውውጡ በፊት ባለው ሳምንት ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የስደት ወይም የቪዛ ጉዳይ በሚገባ የጨረሰልን አማርኛ ተናጋሪ ጠበቃ የቤቱንም ይሥራልን የሚል ዝንባሌ በመካከላችን አለ። ቋንቋው ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በዓመት ጥቂት ቤቶችን ብቻ የሚያዛውር ቢሮ በባንኮች ፓነል ላይ መገኘቱም፣ የሊዝ ውልን ወጥመድ ማወቁም አጠራጣሪ ነው። ለቋንቋው አስተርጓሚ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ከመፈረም በፊትና በኋላ

የቢሮው ስም በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ መኖሩን መመልከት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ የሶሊሲተሮች ማኅበር የሆነው ሎው ሶሳይቲ የሚሰጠው የኮንቬያንሲንግ (የቤት ዝውውር) ጥራት ማረጋገጫ መኖሩም ጥሩ ምልክት ነው። የደንበኞች አስተያየት ሲነበብ በመጀመሪያው ሳምንት የተጻፈው «ፈጣን መልስ ሰጡኝ» ሳይሆን ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ የተጻፈው ይመዘን። ከዚያ በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ ደውለው ፋይሉን የሚይዘውን ሰው በስሙ ይጠይቁ፤ ስሙን ሊነግሩዎት ካልቻሉ፣ በዕረፍት ጊዜ ማን እንደሚተካው ካላወቁ ወይም በተደጋጋሚ ወደ ሽያጭ ክፍሉ ብቻ ከመለሱዎት መልሱን አግኝተዋል።

ቢሮው ከተመረጠ በኋላ የባንክ ቁጥሩን በመጀመሪያው ቀን በአካል ወይም በሚታወቅ ስልክ ተቀብሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሌቦች በኢሜይል መሐል ገብተው «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት በመላክ የብዙ ገዢዎችን ዲፖዚት ወስደዋል፤ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስ ቀድሞ በተያዘው ቁጥር ደውሎ ሳያረጋግጡ አንድ ፓውንድም መላክ አይገባም። አገልግሎቱ ካላረካ ቅሬታው በቅድሚያ ለቢሮው በጽሑፍ ይቀርባል፤ በ8 ሳምንት ውስጥ በቂ ምላሽ ካልተገኘ ወደ ሊጋል ኦምቡድስማን መሄድ ይቻላል። በመሐል ቢሮ መቀየር ይፈቀዳል፤ ለተሠራው ተከፍሎ ሥራው እንደገና ስለሚጀመር ግን ወጪውና ጊዜው ቀላል አይደለም።

ቁልፉ ከተረከበ በኋላም ሥራ ይቀራል። የስታምፕ ዲዩቲ ቅጽና ክፍያ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የምዝገባ ማመልከቻውም ወደ ላንድ ሬጅስትሪ ይላካል፤ አንዳንድ ቢሮዎች ይህን ክፍል ቸል ይሉታል። ምዝገባው ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ገዢው ማመልከቻው የተላከበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቆ ይያዝ፤ ሲጠናቀቅም የመዝገቡን ቅጂ ተቀብሎ የስሙ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር መስማማቱን፣ የአባትና የአያት ስም አለመዘበራረቁንና ሁለት ገዢዎች ከሆኑ በመካከላቸው የተስማሙበት የድርሻ አያያዝ በትክክል መግባቱን ይመልከት።